ጸጥ ያለው ሞተር

ፊውዝ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ደግሞ ጆሮዋ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። እንዲህ ሲያደርጉ የሞተሩ የውስጥ ድምፅ በብረቱ በኩል ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ያስተማራት አባቷ ነው። «ሐኪም ልብ ያዳምጣል፣ እኛ ኩችኔታ እናዳምጣለን» ይላት ነበር፣ ገና ቁመቷ ከሥራ ጠረጴዛው ሳይበልጥ።

«እና? ምን ይልሻል?» አሉ ጋሽ ቦካላ።

«ይጮኻል።»

«ቢጮኽ ይፈረድበታል? ከአቧራ መጥረጊያ ማሽን ነቅለን ቬንትሌተር ላይ ልንሰቅለው ነው እኮ።»

ጋሽ ቦካላ የአባቷ የሥራ ባልደረባ ናቸው። በዚህች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ እንደ አዲስ እየጠቀለሉ አብረው ሸብተዋል። አጭርና ድብልብል ስለሆኑ ደንበኞች የሞተር ዘንግ በሚሽከረከርባት የነሐስ ቀለበት ስም ቦካላ ብለው ጠሯቸው፤ እሳቸውም ስሙን ወደዱት። እሷን ፊውዝ ያላት ደግሞ አባቷ ነው፣ ቶሎ ስለምትቃጠል። አሁን አባቷ ወደ ሱቁ አይመጣም። በሽታው አጥንቱ ውስጥ ገብቶ አልጋ ላይ ካዋለው ከረመ። ሐኪሞቹም መድኃኒቱን ትተው ማጽናናቱን ማብዛት ጀምረዋል።

የመጣችው ለእሱ ነው። ክፍሉ ይሞቃል፤ አልጋው አጠገብ ያለው ቬንትሌተር ደግሞ ቀኑን ሙሉ እንደ ወፍጮ ቤት ሲንኳኳ ይውላል። እናቷ ሥራ ስለምትውል፣ ከትምህርት ቤት በኋላ ከአባቷ ጋር የምትሆነው ፊውዝ ናት። ከግድግዳው ማዶ ተቀምጣ ለፈተና ስታነብ ጭንቅላቷ ሊፈነዳ ይደርሳል። እሷስ ትቻለው፤ የታመመ ሰው በዚህ ጩኸት መሀል እንዴት ያርፋል? ዕድሜውን ሙሉ የሰውን ሞተር ጸጥ ሲያሰኝ ኖሮ፣ የራሱ እንዲህ ያደንቁረው?

ጋሽ ቦካላ ሌሎች ሁለት ሞተሮች አወጡ። ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ፍጥነት አይወድም ብለው ጀመሩ። ውስጡ ካርቦን ያለው ሞተር ጉልበታም ነው፣ ግን ካርቦኑ እየተፋተገ ስለሚሄድ መጮኹ አይቀርም። ካርቦን የሌለው፣ ቀስ ብሎ የሚዞር፣ ኳሶቹ በሚንጫጩት ኩችኔታ ፈንታ ዘይት የጠጣ ቦካላ ያለው መምረጥ ነው። ከዚያ ሞተሩና አካሉ በሚጋጠሙበት ቦታ አራት ጎማ ማስገባት፤ ጎማ ከሌለ ንዝረቱ ወደ አካሉ ያልፍና የሚያጓራው ቬንትሌተሩ በሙሉ ይሆናል። ፊውዝ ሁለተኛውን አዳመጠች፤ ያንጎራጉራል። ወደ ሦስተኛው ዞረች።

«ይኼን አላበሩትም እንዴ?»

«በርቷል።»

ዓይኗን ገልጣ ዘንጉን አየች። እየዞረ ነው። ከብዙ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ጋሽ ቦካላ ሞተሩን በጨርቅ መጠቅለል ጀመሩ። አባቷ ልኳት እንደሆነ ጠየቋት። አይደለም፣ ሰርፕራይዝ ነው አለቻቸው። እጃቸው ጨርቁ ላይ ቆመ።

«አባትሽ እኮ ጸጥ ያለ ቢፈልግ ኖሮ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። «እስቲ ይሁን። ውሰጂው።»

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ አባቷን ሐኪም ቤት ስትወስደው፣ ፊውዝ አሮጌውን ሞተር ፈትታ አዲሱን ገጠመች። ስለቸኮለች አሮጌውን ልብ ብላ አላየችውም፤ በጋዜጣ ጠቅልላ ኩሽና ውስጥ አስቀመጠችው። ከሰዓት በኋላ አባቷ ተደግፎ ገባና አልጋው ላይ ጋደም አለ። እናቷም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ፊውዝ ማብሪያውን ተጫነች።

አባቷ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

«ቦካላ ነው ኩችኔታ?»

«ቦካላ። ዘይት አጠጥቼዋለሁ።»

«ጎማስ?»

«አራቱም አሉ።»

«እጅሽ ይባረክ» አለ። «እኔም ከዚህ አላሻሽለውም።»

ፊውዝ በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። አባቷ ክፍሉን አንዴ ዞር ብሎ ተመለከተና ስትወጪ በሩን ዝጊው አላት። እንዲህ ብሏት አያውቅም፤ እሷ ግን ምንም አልመሰላትም።

መጽሐፏን ገልጣ ተቀመጠች። ጸጥታው ደስ ይላል። ሁለት ገጽ ያህል እንዳነበበች አንድ ድምፅ ሰማች። መጀመሪያ የጎረቤት ድመት መሰላት። ቀጥሎ የሚንቋቋ እንጨት ነው አለች። ድምፁ ይመጣል፣ እንደሚውጡት ነገር ቁርጥ ይላል፣ እንደገና ይጀምራል። ከግድግዳው ማዶ ነው። ሰው ነው፣ አፉን በጨርቅ አፍኖ የሚያቃስት ሰው።

ክው አለች። «ሕመሙስ ለቆኛል፣ ድካም ብቻ ነው የቀረኝ» ይላቸው የለ? እናቷም ይህንኑ ለጠየቀ ሁሉ ስትናገር ነው የከረመችው። ፊውዝ ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። ኮቴዋ ሲሰማ ድምፁ ወዲያው ጠፋ።

«ፊውዝ?»

«አቤት፣ አባዬ።»

«ምንም አይደለም። አንብቢ።»

ድምፁ የሁልጊዜው ነበር፤ እንዲያውም ፈገግ ያለ ይመስላል። እጇ በሩ እጀታ ላይ እንዳለ ቆየች። ከዚያ ወደ ኩሽና ሄዳ የአሮጌውን ሞተር ጋዜጣ ፈታች።

ጎማዎቹ አላለቁም፤ ተነቅለው ወጥተዋል። ቀዳዳዎቹ ንጹሕ ናቸው። ከጎኑ ደግሞ በመቀስ የተቆረጠች የቆርቆሮ ምላስ በመዳብ ሽቦ ታስራለች። ጫፏ ዘንጉን እየነካ ነው ያን ሁሉ ጊዜ ሲያንኳኳ የኖረው። ሽቦው ሁለት ጊዜ ተጠምዝዞ፣ የሰው እጅ እንዳይወጋ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል። እንዲህ የሚያጥፍ አንድ ሰው ብቻ ነው የምታውቀው። እጁ ካቻቢቴ መያዝ በሚችልበት ጊዜ፣ አባቷ ጸጥታን ሲሠራ በኖረበት ጥንቃቄ ጩኸት ሠርቶ ነበር። እነሱ እንዳይሰሙት።

እሷ ደግሞ በደግነቷ ነጠቀችው። ኩሽናው ወለል ላይ ተቀምጣ፣ አባቷ እንዳይሰማት የሹራቧን እጅጌ ነክሳ አለቀሰች።

ማታ ለእናቷ ልትነግራት አፏ ላይ ደርሶ መለሰችው። ሰምቼሃለሁ ብትለው፣ አባቷ ለእነሱ ማድረግ የቀረውን አንድ ነገር ትወስድበታለች። አልሰማሁም ብላ ብትተወው ደግሞ አንሶላውን ነክሶ ይውላል። እንቅልፍ የወሰዳት ይህንኑ ስታገላብጥ ነው።

እሑድ ከሰዓት እናቷ ለሥራ ስትወጣ፣ ፊውዝ አሮጌውን ሞተርና ካቻቢቴውን ይዛ ወደ አባቷ ክፍል ገባች። እያየ አዲሱን ፈታች፣ እያየ አሮጌውን ገጠመች። ቆርቆሮዋን አልነካችም።

«አዲሱ ሞቀብኝ» አለች ቀና ሳትል። «የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ።»

እንደዚያ ያለ ሞተር እንደማይሞቅ ከአባቷ በላይ የሚያውቅ የለም። ዓይኑ ከቆርቆሮዋ ወደ እሷ ተሻገረ።

«ቦካላው ደርቆ ይሆናል» አለ በመጨረሻ።

«ይሆናል።»

አዲሱን ሞተር ለጋሽ ቦካላ አልመለሰችውም። በጨርቁ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር አስቀመጠችው። ይህ ቤት ያለ ሞተር ጸጥ የሚልበት ቀን እንደሚመጣ ገብቷታል፤ ከዚያ በፊት ጸጥታ አልፈለገችም።

ማብሪያውን የመጨረሻው ቁጥር ላይ አደረገችው። ቆርቆሮዋ ሥራዋን ጀመረች፤ ክፍሉ እንደ ወፍጮ ቤት ሆነ። ፊውዝ ወጣች፣ ወንበሯንና መጽሐፏን ይዛ ተመለሰች። አልጋው ጥግ አስጠግታ፣ ጀርባዋን ለአባቷ ሰጥታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች።

«እዚህ ይረብሽሻል እኮ!» አላት፣ ከጩኸቱ በላይ።

«ለምጄዋለሁ፣ አባዬ! ያለሱ አልገባ እያለኝ ነው!»

ማንበብ ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ ፍራሹ ከኋላዋ ሲነቃነቅ በወንበሩ እግር በኩል ተሰማት። ሌላ የሚሰማ ነገር አልነበረም። የአባቷ እጅ የሹራቧን ጫፍ ፈልጎ አገኘና ጭምድድ አድርጎ ያዘው። ፊውዝ ዞር አላለችም። ያላነበበችውን ገጽ ገለጠች።