በትኩሱ የተለካው ሽቦ

ጋሼ ማሙሸት መሳለሚያ አጠገብ ባለችው ሱቃቸው፣ የምድጃ ሽቦ በሚጠቀልሉበት ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸውን በመዶሻ ተመተዋል። ኢንስፔክተር ሠርኬ አሥር ሰዓት አልፎ ስትደርስ ሬሳው ተነሥቷል፤ ጠቡ ግን ገና አልበረደም።

«ገዳይዋ ይቺ ናት!» አለች ሚስታቸው ጽጌሬዳ፣ በካቴና ወደ ታሰረችው ጎረቤት፣ ወደ ሽቦ ሻጯ ኢክራ እየጠቆመች። «ትናንት ባሌን ‹ምላስህን ያዝ› ስትለው ገበያው ሁሉ ሰምቷል!»

«ብያለሁ። ለአንቺም ምክር ይሆንሻል» አለች ኢክራ።

ሁሉም ነገር በኢክራ ላይ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ካለው ጥቅል ሽቦ ጋር የታሰረች የካርቶን ቁራጭ «51 ኦም፣ 9 ሰዓት» ትላለች። ሟች እስከ ዘጠኝ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። ኢክራ ደግሞ ሱቁ የገባችው ዘጠኝ ከሩብ ላይ ነው። ጽጌሬዳ ከጠዋት ጀምሮ አማኑኤል ለቅሶ ቤት ነበረች። የሱቁ ሠራተኛ ሃብታሙም ከስምንት ሰዓት ጀምሮ አውቶቡስ ተራ ዕቃ ሲያስጭን ታይቷል።

«እዚህ አልመጣህም?» አለችው ሠርኬ።

«ከስምንት በፊት መጥቼ መሣሪያዬን ወሰድኩ። ስወጣ ደህና ነበሩ።»

«ቁራጯን የሚጽፍ ማን ነው?»

«እሳቸው ብቻ። ሽቦውን አግለው ይሞክሩታል፣ ይለኩታል፣ ሰዓቱን ይጽፋሉ።»

«ወዲያው?»

«ኢንስፔክተር፣ ሽቦ ልትጠቀልይ ነው ወይስ ነፍሰ ገዳይ ልትይዢ?»

ኢክራ ወደ ሃብታሙ እየጠቆመች ሳቀች። «ወዲያው የሚለካው እሱ ነው! ጋሼማ በረዶ እስኪሆን ይጠብቃሉ። ትኩስ ሽቦ ይዋሻል ይላሉ። ይሄ በጥድፊያ እየለካ ስንቱን ምድጃ አበላሽቶባቸው፣ ትናንት ከሥራ አባረሩት!»

«አንቺ አፍሽን ዝጊ!» ጮኸ ሃብታሙ።

«ሬሳውን ያገኘሽው እንዴት ነው?» አለች ሠርኬ ወደ ኢክራ ዞራ።

«በስልኬ መብራት። ስምንት ከሩብ ላይ የጠፋው መብራት አሥር ሰዓት ነው የመጣው። ሰፈሩን ጠይቂ።»

ሠርኬ የገበያውን ዘበኛም ጎረቤቱንም ጠየቀች፤ ቃሉ አንድ ነው። ከዚያ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ አቆመች። በኦም የሚለካውን ቴስተር አንሥታ ሽቦውን ለካች። አርባ ስምንት። ሽቦውን ከኤሌክትሪክ አገናኝታ ፍም እስኪመስል አጋለችው፤ ነቅላም ወዲያው ለካችው። ሃምሳ አንድ።

«ሽቦ ሲግል ኤሌክትሪኩን ይበልጥ ይገታል» አለች። «ስለዚህ 51 የተለካው በትኩሱ ነው። ጋሼ ማሙሸት ደግሞ ትኩስ አይለኩም፤ ቁራጯን የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ መብራት የለም፤ ሽቦው በምን ይግላል? እንግዲህ የተለካው መብራቱ ሳይጠፋ ነው። የሚመጣውን ሰዓት አስቀድሞ የጻፈ ሰው በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ እንደሚታይ ያውቃል። ጋሼ ሽቦውን አግለው እንዲቀዘቅዝ አስቀምጠውት ነበር። አንተ ግን ገድለሃቸውም መጠበቅ አልቻልክም፣ ሃብታሙ።»

ሃብታሙ በሩን አየ። ዘበኛው ቆሞበታል።

«አሥራ ስምንት ዓመት!» አለ ድምፁ እየተሰነጠቀ። «አሥራ ስምንት ዓመት አገልግዬው፣ ለሦስት ኦም አባረረኝ!»

ካቴናው ከኢክራ እጅ ወደ እሱ እጅ ተሻገረ። ኢክራ የቀላ የእጅ አንጓዋን እያሸች ወደ በሩ ሄደች፤ ጽጌሬዳ ግን ፊቷን አልፈታችም።

«ቀብሩ ላይ እንዳላይሽ» አለች።

«እመጣለሁ» አለች ኢክራ። «የምመጣው ለእሳቸው ነው፤ ለአንቺ መስሎሻል?»