የሳሎኑ ግድግዳ

ኃይለ ገብርኤል ራሱ መርጦ ባስነጠፈው ሴራሚክ ላይ፣ ከላይ ውሃ እየወረደበት ሞቶ ተገኘ። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር። ያገኘችው ሚስቱ የብርጓል ናት። ምሳውን ቋጥራ ከኪራይ ቤታቸው መጣች፤ የአዲሱ ቤት ደረጃ ጫፍ ስትደርስ የውሃ ድምፅ ሰምታ «ኧረ ሮቶውን ጨረስኸው!» አለች። የመታጠቢያ ክፍሉን በር ስትገፋው ባሏ ሸሚዙን አውልቆ፣ ሱሪውን እንደ ለበሰ በጀርባው ተንጋሏል። ማጅራቱ ላይ ቆስሏል።

«አንሸራቶት ነው» አሉ ጎረቤቶች። «አዲስ ሴራሚክ ሰው ይገድላል።»

ኃይለ ገብርኤል በባሕር ዳር ሃያ ስድስት ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ፣ ሃያ ስድስት ዓመትም በሰው ቤት የኖረ ሰው ነው። ከጣና ዳር ብዙም ሳይርቁ ይህችን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሲጀምሩ፣ ባልና ሚስቱ ስለ ሁሉም ነገር ተከራክረዋል። ሮቶው የት ይሰቀል፣ የዕቃ ማጠቢያው ከመስኮቱ ሥር ይሁን ወይስ ከበሩ ጎን፣ ደረጃ መውጣት ለማይችሉት እናቱ ምድር ቤት ምን ዓይነት መታጠቢያ ይሠራ። አብዛኛውን ጊዜ እሷ ታሸንፍ ነበር።

እሑድ ከቀብር መልስ ኪሩቤል አጠገቧ ተቀመጠ። ኪሩቤል የቤቱን ፕላን የነደፈላቸው መሐንዲስ፣ የሠላሳ ዓመት ወዳጅ፣ የበኩር ልጃቸውን ክርስትና ያነሳ አበልጅ ነው። በቀብሩ ላይ እንደ እሱ ያለቀሰ አልነበረም።

«ጥዬው መሄዴ ነው የሚያንገበግበኝ» አላት። «ፀጉሩን አቧራ ሞልቶት ‹ታጥቤ ልምጣ› ብሎ ወደ ፎቅ ወጣ። ሳሎን ተቀምጬ ስጠብቀው ውሃው ከጀርባዬ በግድግዳው ውስጥ እየተንዶቀዶቀ ሲወርድ ሰማሁ። ስልክ ተደወለልኝና ‹ኃይሌ፣ ሄድሁ!› ብዬ ወጣሁ። ምነው ትንሽ በቆየሁ ኖሮ!»

የብርጓል እጁን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች።

ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ውዴ ወደ ልቅሶው ቤት መጣች። አጭር፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። አባቷ በፋብሪካ ቧንቧ ሠራተኛነት አርጅቶ የሞተ ነውና ወደ ቤት ስትገባ ከሰው በፊት ግድግዳ ታያለች ይሏታል።

«ወይዘሮ የብርጓል፣ በሐዘንዎ ላይ መጣሁብዎ። የሐኪሙ ወረቀት አላስቀመጠኝም» አለች። «ቁስሉ ውስጥ አሸዋ ተገኝቷል። ሴራሚክ ላይ የወደቀ ሰው አሸዋ ከየት ያመጣል?»

የብርጓል ቀና ብላ አየቻት። ልቅሶ ደራሾቹ እንደ ጭጋግ ነበር የሚታዩዋት፤ የዚህች ሴት ፊት ግን ጠርቶ ታያት።

ቅዳሜ ዕለት ከየብርጓል በፊት ወደ አዲሱ ቤት ግቢ የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው። ውዴ እዚያው አዲሱ ቤት አንድ በአንድ ጠራቻቸው፤ የብርጓልም በሩ አጠገብ ተቀምጣ ሰማች።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ሣህሉ አንገቱን ደፍቶ ቀረበ።

«ሦስት ሰዓት ላይ መጥቼ ተጨቃጨቅን። እናታችንን ከአንበሳሜ አምጥቼ እዚህ አኖራለሁ አለኝ፤ እኔ ደግሞ ከቀዬዋ አትነቀልም አልሁ። ተቆጥቼ ወጣሁ። የመጨረሻ ቃሌ ቁጣ ሆነ፤ እንጂ ገዳይስ አይደለሁም።»

ቧንቧ ሠራተኛው ሀዲስ ቆቡን በእጁ እያሻሸ ቆመ።

«ዐርብ ዕለት ጋሼ ጮኹብኝ፣ እውነት ነው። የምድር ቤቱ መታጠቢያ መገጣጠሚያ አንጠባጠበና ሴራሚክ ማፍረስ ግድ ሆነ። ቅዳሜ ሣህሉ ከወጣ በኋላ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አዲስ እንድገዛ ላኩኝ፤ ልኩን ፍለጋ ገበያውን ስዞር ሰባት ሰዓት ሆነ። እኔ ስወጣ መሐንዲሱ ሲገቡ በር ላይ ተላለፍን።»

ኪሩቤል ለየብርጓል የነገራትን ሁሉ ቃል በቃል ደገመው፤ ውዴ ጽፋ አስፈረመችው።

ከዚያ የብርጓልን ይዛ ወደ ፎቅ ወጣች። ከመታጠቢያ ክፍሉ አምስት እርምጃ ርቆ ገና ያልተለሰነ በረንዳ አለ። ወለሉ ሻካራ ሲሚንቶ ነው፣ በአቧራ ተሸፍኗል። ደፉ አጠገብ ግን አንድ ክንድ ያህል ቦታ አቧራ የለበትም።

«በረንዳውን ያጠባችሁት መቼ ነው?»

«ሳይለሰን ማን ያጥበዋል?» አለች የብርጓል፤ ቦታውን ስታይ ግን አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ከበረንዳው ሐይቁና ማዶ የዘጌ ደን ይታያል። ቁልቁል፣ አጥሩ ሥር፣ በቅርብ የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ወፍራም ቧንቧ ተጋድሟል። ውዴ ሀዲስን ጠራችው።

«ይህ የእናንተ ነው?»

«አይደለም። የፍሳሽ ጉድጓድ ስንቆፍር ያገኘነው ነው። ከጎረቤቱ እንግዳ ማረፊያ ተነሥቶ ሽንት ቤቱን በቀጥታ ወደ ሐይቁ ይጥላል። የሰፈሩ ሴቶች ውሃ የሚቀዱት እዚያው ነው። ጋሼ ካዩት ወዲህ እንቅልፍ አጡ።»

ውዴ ፕላኑን ዘርግታ፣ የሳሎኑን ግድግዳ በጣቷ አንኳኳች። ቀጥላ የማድ ቤቱን። ከሀዲስ ጋር ጥቂት ተነጋገረችና «ነገ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ይምጡ» አለች።

ማክሰኞ ከልቅሶው ድንኳን በመጡ ወንበሮች ላይ ሳሎን ውስጥ ተቀመጡ። ውዴ ለሀዲስ በአንገቷ ምልክት ሰጠችው፤ እሱም ወደ ፎቅ ወጣ።

«እስቲ ሁላችሁም አዳምጡ።»

አዳመጡ። ሣህሉ ጉሮሮውን ጠረገ። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ አለፈ።

«ምን ሰማችሁ?»

«ምንም» አለ ሣህሉ።

ውዴ ተነሥታ የማድ ቤቱን በር ከፈተችው። ከግድግዳው ጥግ የሚወርደው የውሃ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

«ሀዲስ ፎቅ ላይ ያለውን ውሃ ከከፈተ ቆይቷል» አለች። «በሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ አንዳች ቧንቧ የለም። በፕላኑ ላይ ግን አለ። መሐንዲስ ኪሩቤል፣ እርስዎ የሰሙት ፕላንዎን ነው፤ ውሃውን አይደለም።»

ኪሩቤል ወደ ግድግዳው ዞረ። «ፕላኔን... ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ» አለች የብርጓል። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «እንግዳ ተቀምጦ የሽንት ቤት ውሃ በጆሮው ሥር ቢወርድ ነውር ነው አልሁት። አንተ አዲስ አበባ በሄድህበት ወር ሀዲስ ቧንቧውን ወደ ማድ ቤቱ ጥግ አዛወረው። ኃይሌ ምን አለኝ መሰለህ? ‹ኪሩቤል እንዳይቀየም፣ አንንገረው።›»

«አንድ ሰው ያልሰማውን ሰማሁ የሚለው፣ ሟቹ የሞተው እሱ ከሄደ በኋላ እንዲመስል ሲፈልግ ነው» ስትል ውዴ ቀጠለች። «ቁስሉ ውስጥ ያለው አሸዋ የበረንዳው ነው። ደሙን ያጠበ ሰው አቧራውንም አብሮ እንዳጠበ አላስተዋለም። ሣህሉና ሀዲስ እርስዎ ከመግባትዎ በፊት ወጥተዋል። ምክንያቱ ደግሞ ይኸው።» ከደብተሯ አንድ ወረቀት አወጣች። «መምህሩ ለጤና ቢሮ ያረቀቁት ደብዳቤ ነው፤ ከመጽሐፎቻቸው መካከል አገኘሁት። እንግዳ ማረፊያው የፍሳሽ ጉድጓድ አለው ብሎ የፈረመው መሐንዲስ ወዳጃቸው መሆኑን ጽፈዋል። ባለፈው ክረምት በተቅማጥ የሞቱትን ሁለት ሕፃናት ስም ጽፈዋል። ‹እስከ ቅዳሜ ራሱ እንዲናገር ጊዜ ሰጥቼዋለሁ› ይላል።»

ኪሩቤል ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ማረፊያው ያለ ፍሳሽ ጉድጓድ ሥራ እንደ ጀመረ አላወቅሁም ነበር። ሳውቅ ደግሞ ፈርሜ ነበር... ለምኜው ነበር፤ ስሜን አታጥፋ አልሁት። ክንዴን ይዞ ‹ና አብረን እንሂድ› አለኝ። ገፋሁት። ገፋሁት እንጂ አልመታሁትም! ደፉ ላይ ወደቀ። መሞቱን ሳይ ነው ጎትቼ...»

«አልሞቱም ነበር» አለች ውዴ በቀስታ። «ሐኪሙ በሳንባቸው ውስጥ ውሃ አግኝቷል።»

የብርጓል ተነሥታ ኪሩቤል ፊት ቆመች።

«ይተነፍስ ነበር?»

ኪሩቤል ይበልጥ አጎነበሰ።

«ኪሩቤል፣ ቀና ብለህ እየኝ። ይተነፍስ ነበር?»

«ያቃስት ነበር» አለ።

የብርጓል እጆቿን አየቻቸው። እሑድን፣ ሰኞን፣ ያን እጅ ይዛ ነበር ያነባችው። መጮኽ ፈለገች፤ ጩኸቱ ግን ለባሏ አልቆ ነበር። ከወንበሩ ላይ የወደቀውን ነጠላዋን አነሣች።

«ከቤቴ አውጡልኝ» አለች። «ገና በመንገድ ላይ ያለው ልጄ ሲመጣ እዚህ እንዳያገኘው።»

ሲወስዱት ዘወር ብላ አላየችም። ሣህሉ ሊደግፋት ተጠጋ፤ ትታው በጓሮ በር ወጣች። ጸሐይ ወደ ዘጌ ማዶ አዘቅዝቃለች፤ ሐይቁ ዳር ሦስት ሴቶች ጄሪካናቸውን ሊሞሉ አጎንብሰዋል። የሐዘን ልብሷን ሲያዩ ቀና ብለው «እግዜር ያጥናሽ» አሏት።

«አትቅዱ» አለች የብርጓል። «ይህ ውሃ ልጆች ጨርሷል።»

«ማን ነገረሽ?»

«ባለቤቴ» አለች፤ ጎንበስ ብላም የመጀመሪያውን ጄሪካን ደፋችው።