የመጨረሻዎቹ አርባ ገጾች

የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች የማጠቃለያ ፈተናቸውን ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ጮኸች። ከብረቱ ደረጃ ሥር አንድ ልጅ ሞቶ ነበር። ጓደኞቹ «ፕሮፍ» ይሉታል፤ አንድ ቀን ፕሮፌሰር መሆኑ አይቀርም ብለው። በፈተናው ክፍል ባዶ የቀረው ወንበር የእሱ ነው።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ ነገሩን ጨርሰውት ነበር፦ እናቱ ታማለች፣ ልጁ ተስፋ ቆርጧል፣ ራሱን ወርውሯል። በሰው ልጅ ሞት እንዲህ መቸኮል ምን ይሉታል?

እህቱ የመርማሪዋን እጅ ይዛ አልለቅ አለች።

«ወንድሜ ራሱን አይገድልም። ዛሬ ንጋት ላይ ነው ከእናታችን አልጋ አጠገብ ተነሥቶ የመጣው። ራሱን ገደለ ብዬ ብነግራት እሷንም ቀበርኳት ማለት ነው። እባክዎ፣ እውነቱን ይፈልጉልኝ።»

«እፈልግልሻለሁ፣ ልጄ።»

መርማሪዋ ተንበርክካ የሟቹን ጃኬት ፈተሸች። ጠዋት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት የወረደው ዝናብ አበስብሶታል። ከውስጥ ኪሱ የተማሪ መታወቂያው ወጣ፤ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ከዚያው ኪስ ከመጽሐፍ የተገነጠሉ ገጾች ወጡ። በጣቷ ዳሰሰቻቸውና ከመታወቂያው ለይታ አስቀመጠቻቸው።

መምህሩን ቢሮው አገኘችው።

«ዛሬ የተፈተኑበት መጽሐፍ አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው» አላት። «ኢንተርኔት ላይም የለም። አራቱ ተማሪዎቼ ተስማምተው አራት ቦታ ገነጠሉት፤ እየተቀባበሉ ያነባሉ።»

«እርስዎም ዝም አሉ?»

«ምን ላድርግ? ሳይነበብ ከሚቀር ተገንጥሎ ይነበብ አልኩ። የመጨረሻው ክፍል ፕሮፍ ዘንድ ነበር፤ እናቱ ስትታመም ይዞት ሄደ። ሦስቱ አላነበቡትም።»

«መጨረሻውን አልነገሯቸውም?»

«እኔ የመጽሐፍ መጨረሻ ተናግሬ አላውቅም። ማወቅ የፈለገ ያንብብ።»

ሦስቱን አንድ በአንድ ጠራች። ሎጋው የሚሉት ረጅሙ ልጅ ዓይኑ ደም ለብሷል። «ጠዋት ስደውልለት ስልኩ አይነሳም። መጨረሻውን ሳላነብ ገብቼ ቀባጠርኩ» አለ።

ሳቂታ የሚሏት ልጅ ዛሬ ጥርሷን አላሳየችም። «እኔም ገምቼ ነው የጻፍኩት፣ እትዬ። የመጽሐፉን ሴትዮ ወደ ባሏ መለስኳት። ሌላ ምን ላድርጋት?»

የክፍሉ ተወካይ፣ አለቃ፣ እጁን ጭኑ ላይ አጣብቆ ተቀመጠ። «አላየሁትም። እኔም እንደነሱ ገመትኩ።»

«ይህ ፈተና ላንተ ምንህ ነው?»

«ከወደቅኩ እባረራለሁ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ አለብኝ።» እጁን ከጭኑ ሳያነሣ ቀጠለ። «አባቴ ፊት በየት በኩል እቆማለሁ?»

መርማሪዋ ወደ መምህሩ ተመልሳ የሦስቱን የፈተና ወረቀት ዛሬውኑ እንዲያነብ ጠየቀችው።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም በባዶው የፈተና ክፍል ተሰበሰቡ። እህቲቱ ከፊት ተቀመጠች።

«እኔ እንግሊዝኛ እምብዛም ነኝ» አለች መርማሪዋ፤ «እርጥብና ደረቅ ግን እለያለሁ። ጃኬቱ በስብሷል፤ መታወቂያውም በስብሷል። ከዚያው ኪስ የወጡት ገጾች ግን ዳር ዳራቸው ከመርጠቡ በቀር ደረቅ ናቸው። ዝናብ ሲወርድ ኪሱ ውስጥ አልነበሩም ማለት ነው። ካባራ በኋላ አንድ ሰው መልሶ ከተታቸው። የሞተ ሰው ደግሞ የራሱን ኪስ አይሞላም።»

ገጾቹን አንሥታ አሳየቻቸው።

«ያ ሰው ገጾቹን ለምን ፈለጋቸው? ለማንበብ። መምህር፣ ወረቀቶቹ ምን ይላሉ?»

መምህሩ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሣ መለሰ። «ሁለቱ ሴትየዋን ወደ ባሏ መልሰዋታል። ስህተት ነው። አንዱ ግን በሌላ ሰው ስም ጀልባ ተሳፍራ እንደሄደች ጽፏል። ትክክል ነው። እንደዚህ ያለ መልስ ከእሱ አይቼ አላውቅም።»

«የማን ነው?»

«የአለቃ።»

አለቃ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሊክድ ከወንበሩ ተነሣ።

«አስከሬኑን ያየው ሐኪም እንደሚለው» ቀጠለች መርማሪዋ፣ ቀስ ብላ፤ «ልጁ ወዲያው አልሞተም። ከወደቀ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቷል። ከወደቀበት አጠገብ፣ ደረጃው ሥር ዝናብ የማይደርስበት ጥግ አለ። ያነበብከው እዚያ ነው፣ አይደል?»

«ልገድለው አልፈለግኩም!» ብሎ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠ። «ለሁላችሁም ጮክ ብዬ ላንብብላችሁ፣ ጥራቸው አለኝ። እኔ ጮክ ብሎ ሲነበብልኝ አይገባኝም፤ ደጋግሜ ካላየሁት አይገባኝም። ብቻዬን ልየው አልኩት። ደረጃው ላይ ስንጓተት አዳለጠው።»

«ከዚያስ?» አለች እህቲቱ።

«ሰው ልጠራ ነበር። ብጠራ ግን ፈተናው ያልፈኛል። ቶሎ ላንብብና እጠራለሁ አልኩ።»

«ወንድሜ ምን ይል ነበር?»

አለቃ ፊቱን ሸፈነ። «ስሜን ይጠራ ነበር። አርባ ገጽ ነው፣ እኔ ደግሞ ቀርፋፋ ነኝ። ስጨርስ ዝም ብሎ ነበር።»

ሳቂታ ጮኻ አለቀሰች። ሎጋው ግድግዳውን ተደገፈ። እህቲቱ ግን እንባ አልወጣትም፤ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ራሱን አልገደለም» አለች ለመርማሪዋ። «ለእናቴ ይህን እነግራታለሁ። ወድቆ ወዲያው ሞተ እላታለሁ። እርስዎም ከጠየቀችዎ እንደዚያው ይበሉልኝ።»

ዕድሜዋን ሙሉ እውነት ስታሳድድ የኖረችው ሴት «እሺ» አለቻት።