ከዓለም ጫፍ ወዲያ ምን አለ ያለች ልጅ

እሑድ ጠዋት ነበር። የልደታ ማርያም ቅዳሴ ገና አላለቀም፤ የቀበሌው አዳራሽ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። ዘመኑ 1970 ዓ.ም. ነው። ከውይይት ክበብ የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል፤ ስሙ የተያዘ ሰው ደግሞ እንቅልፍ የለውም። ስለዚህ ሽማግሌውም፣ አራሷም፣ ነጋዴውም መጥቷል።

መድረኩ ላይ ካድሬው ደጉ ቆሟል።

«ቁስ አካል ዘላለማዊ ነው!» አለ ጠረጴዛውን እየመታ። «ዩኒቨርስ መጀመሪያ የለውም! መጨረሻ የለውም! ጥያቄ ያለው?»

ጥያቄ ያለው ሰው ኖሮ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን ከመሃል አንድ እጅ ብድግ አለ።

የወይንሀረግ እጅ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። ልደታ ተወልዳ ልደታ ያደገች፣ ከእናቷ ከወይዘሮ ጠጅቱ ጋር የምትኖር። ደጉን ታውቀዋለች፤ ጎረቤት ነው። እናቱ ስትሞትበት አጉርሰው ያሳደጉት ወይዘሮ ጠጅቱ ናቸው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ያልፈራችው።

«ጓድ ደጉ፣ መጨረሻ የለውም ካልክ እሺ። ግን ቢኖረውስ? ከጫፉ ወዲያ ምን አለ?»

«ምንም!»

«ምንም ማለት ባዶ ቦታ ነው? ባዶም እኮ ቦታ ነው። እሱስ የት ላይ ነው የሚያልቀው?»

ደጉ ማስታወሻውን ማገላበጥ ጀመረ። ከኋላ በኩል ግን አንድ ወንድ ከት ብሎ ሳቀ።

ወይንሀረግ ፊቷ ጋለ። ስብሰባው ሲበተን በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ወጣት ነው።

«በእኔ ነው የሚስቁት?»

«በእርስዎ አይደለም... ደስ ብሎኝ ነው» አለ እየተንተባተበ። «ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዲጠይቁኝ ሁልጊዜ እመኛለሁ፤ አንዱም ጠይቆኝ አያውቅም።»

«ታዲያ መልሱን ያውቁታል?»

«አላውቀውም።»

ወይንሀረግ ትኩር ብላ አየችው። የምታውቃቸው ወንዶች ሁሉ ሁሉን ያውቃሉ። አለቃዋ ያውቃል፤ ደጉ ያውቃል፤ ሟቹ አባቷም የማያውቁት ነገር አልነበረም። «አላውቅም» ያላት የመጀመሪያው ወንድ ይህ ነው።

ስሙ ገረሱ ነው። ሰንጋ ተራ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስትወጣ ሜክሲኮ አደባባይ ይጠብቃት ጀመር። ኬክ ቤት ገብተው አንድ ሻይ ለረጅም ሰዓት ይጠጣሉ።

«የምናየው ነገር ወሰን አለው» ይላታል። «ከወሰኑ ወዲያ ያሉ ኮከቦች ብርሃናቸው ገና መንገድ ላይ ነው፤ እኛ ጋ አልደረሰም። ስላላየናቸው ግን የሉም አይባልም።»

«ከእነሱስ ወዲያ?»

«አላውቅም።»

«አስተማሪ ሆነው ሁሌ አላውቅም! አያፍሩም?»

«የማላውቀውን አውቃለሁ ብል ነው የማፍረው። ደግሞ... እባክሽ አንተ በይኝ።»

«አንተ» አለችው ቀስ ብላ። ሁለቱም ሳቁ። ለፋሲካ ወይዘሮ ጠጅቱ ጋ ሽማግሌ እንደሚልክ የነገራት የዚያን ቀን ነው።

ደጉ ሰማ። በዚያ ዘመን ካድሬ የማይሰማው ነገር የለም። በሚቀጥለው ውይይት ላይ ጣቱን ወደ ኋላ ወንበር ቀሰረ።

«ጓድ ገረሱ! የተማርክ ሰው ነህ። ዩኒቨርስ መጨረሻ እንደሌለው ለሰፊው ሕዝብ አረጋግጥልን።»

ገረሱ ተነሳ።  «ልክ ነው በልና ተቀመጥ» ብላ ወይንሀረግ በሆዷ ለመነችው።

«እንግዲህ...» አለ ገረሱ መነጽሩን እያስተካከለ። «መጨረሻ ይኑረው አይኑረው ሳይንስ ገና አልደረሰበትም። እኔም አላውቅም።»

«ርዕዮተ ዓለማችን ተሳስቷል እያልክ ነው?»

«አላውቅም ነው ያልኩት።»

«አድኃሪ!» አለ አንድ ድምፅ። ከዚያ ሁሉም ጮኸ፤ ያልጮኸ ይታያላ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች በጠራራ ፀሐይ ክንዱን ይዘው ወሰዱት።

ወይዘሮ ጠጅቱ ነጠላቸውን አገልድመው ደጉ እግር ላይ ወደቁ።

«ልጄ፣ በዚህ እጄ ነው ያጎረስኩህ...»

«እማማ ጠጅቱ፣ ይነሱ» አላቸው ቀዝቀዝ ብሎ። «አብዮት እናት የለውም።»

ወይንሀረግ በየቀኑ እስር ቤቱ በር ላይ ስንቅ ታቀብላለች፤ እሱን ግን አታየውም። ባዶውን ምሳ ዕቃ ሲመልሱላት «አለ ማለት ነው» ብላ ወደ ሥራዋ ትሮጣለች። ጎን ለጎን ከሚቆሙት እናቶች መካከል ምሳ ዕቃቸው እንደሞላ የተመለሰላቸው ነበሩ። አንዷ እዚያው አስፋልቱ ላይ ተዘርራ ስትጮኽ ጥበቃው «ድምፅሽን ቀንሺ» ሲላት ሰምታለች።

አንድ ቀን ደጉ ቢሮው አስጠራት።

«ስሙ ከሚረሸኑት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል» አላት። «ላወጣው እችላለሁ።»

«ምን ላድርግ? የፈለግከውን ንገረኝ!»

«እሑድ አዳራሹ ውስጥ ታጋልጪዋለሽ። አሳስቶኛል፣ በአብዮቱ ላይ አነሳስቶኛል ትያለሽ። ከዚያ ፊቱ ላይ ትተፊያለሽ። እሱ ስህተቱን አምኖ ይፈታል።»

ወይንሀረግ ወንበሩን ጨብጣ ቆመች።

«እንዳገባህ ነው እንዴ የፈለግከው? እሱን በለኛ! አገባሃለሁ!»

ደጉ ፈገግ አለ። ሲስቅ አሁንም ያ አብሯት ያደገው ልጅ ይመስላል።

«እንደማትወጂኝ አውቃለሁ፣ ወይኔ። ማግባቱ ምን ያደርግልኛል? እሱም እንዲጠላሽ ነው የምፈልገው። በቃ።»

«ደጉ...»

«ደግሞ እውነቱን እንዳትነግሪው። ቢያውቅ ፊቱ ላይ ያስታውቃል፤ እኔም መልሼ አስገባዋለሁ። ያኔ ስንቅ ማመላለስም አይኖርብሽም።»

እሑድ ደረሰ። ገረሱን ጠጉሩን ላጭተው፣ እጁን የፊጥኝ አስረው አመጡት። መነጽሩ የለም። ሲያያት ግን ፊቱ በራ። እዚያ ሁሉ ሰው መሃል ፈገግ አለላት!

ወይንሀረግ መድረክ ላይ ወጣች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እንዳይንቀጠቀጥ ሌሊቱን ሁሉ ጸልያ ነበር።

«ይህ ሰው አሳስቶኛል» አለች። «የወደደኝ አስመስሎ የአድኃሪ ወሬ ሞላብኝ። ንቄዋለሁ።»

ወደ እሱ ሄደች። ፈገግታው ገና ከፊቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ነበር። ተፋችበት።

ገረሱ እጁ ታስሯልና መጥረግ አልቻለም። ምራቁ በጉንጩ ሲወርድ አዳራሹ አጨበጨበ። ከሁሉም አስበልጦ ያጨበጨበው ደጉ ነው።

ደጉ ቃሉን አላጠፈም። ገረሱ በሳምንቱ ተፈታ።

ወይንሀረግ መፈታቱን ሰማች። ሰንጋ ተራ ሄዳ በሩን አንኳኳች። ልብሱን በሻንጣ ሲያጭቅ አገኘችው።

«ገረሱ...»

ቀና ብሎ አላያትም።

«ዱላውን እረሳዋለሁ። ሰው ሁሉ ፈርቶ የማይሆን ነገር ያደርጋል። አንቺ ግን አልፈራሽም ነበር። አይቼሻለሁ! ዓይንሽ አልራሰም፣ ድምፅሽ አልተሰበረም...»

ወይንሀረግ አፏን ከፈተች። በመስኮቱ አሻግራ መንገዱ ማዶ የቆመውን አብዮት ጠባቂ አየች። አፏን ዘጋች።

«አንድ ቃል የለሽም?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ከደጃፌ ዞር በይልኝ። ወለሉ ይቆሽሻል።»

ሄደች። እሱም በማግስቱ ባሌ ጎባ ተመድቦ ሄደ።

ደጉም አልዘለቀም። በዓመቱ የገዛ ጓዶቹ መጥተው ወሰዱት፤ ከዚያ በኋላ ወሬውን የሰማ የለም። ወይዘሮ ጠጅቱ ብቻ ናቸው ያለቀሱለት። «እኔ ነኝ እኮ ያጎረስኩት» እያሉ።

በ1976 ክረምት ገረሱ ለፈተና እርማት አዲስ አበባ መጣ። ልደታ ማርያም በር ላይ ወይዘሮ ጠጅቱን አገኛቸው። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ሸሹት።

«ተው፣ አትንካኝ!»

«እማማ፣ እኔ ምን በደልኩ? ልጅዎ ናት እኮ...»

«ልጄ ምን? ልጄ ምን አደረገች? አንተን ከሞት ለማውጣት የተፋችው ምራቋን መሰለህ? ዕድሜዋን ነው የተፋችው!»

ሁሉንም ነገሩት። ዝናቡ እላያቸው ላይ ይወርዳል፤ ገረሱ ግን አልተንቀሳቀሰም።

በምሳ ሰዓት መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ወይንሀረግ ስታየው ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«እናትሽ ነገሩኝ» አላት። እንባው ይወርዳል። «ለምን? ደጉ ከተወሰደ በኋላ እንኳን ለምን አልነገርሽኝም? ለምን አልመጣሽም?»

«መጥቼ ነበር።»

«የት?»

«ጎባ። ደጉ በተወሰደ በዓመቱ። ቤትህን ጠያይቄ አገኘሁት። በሩን የከፈተችልኝ ሚስትህ ናት። ሆዷ ገፍቶ ነበር። ደክሞሻል፣ ግቢ አለችኝ። ወንበር ሰጠችኝ፤ ውሃ አጠጣችኝ። ማንን ፈልገሽ ነው ስትለኝ... ቤት ተሳስቼ ነው አልኳት።»

ገረሱ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ሚስቴ እንዳለች ናት» አለ በለሆሳስ። «አልነገረችኝም...»

«ምን ብላ ትንገርህ? ቤት የተሳሳተች ሴት ናት የመጣችው።»

«እተዋታለሁ! ወይንሀረግ፣ ሁሉን ትቼ እመጣለሁ!»

«እንዳታደርገው!» አለች ቆጣ ብላ። «ውሃ ያጠጣችኝን ሴት አልቀማም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ንገሪኝ!»

ቀና ብላ አየችው። ጠጉሩ ከጎን ነጣ ነጣ ማለት ጀምሯል።

«ገረሱ፣ ስለ ኮከብ ሲጠይቁህ አላውቅም ብለህ ታሰርክ። ስለ እኔ ግን ወዲያው አወቅክ። ድምፅሽ አልተሰበረም ብለህ ፈረድክብኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ምናልባት አላልክም። እኔን ያቆሰለኝ የደጉ ሥራ አይደለም፤ እሱ ጠላቴ ነበር። አንተ ነህ።»

«ይቅር በይኝ...»

«ይቅር ብዬሃለሁ። ሂድ፣ ልጅህን አሳድግ። ዳግመኛ ግን እዚህ በር ላይ አትቁም።»

የምሳ ሰዓቷ አልቆ ነበር። ሳትበላ ወደ ሥራዋ ገባች። እሱም በአውቶቡስ ወደ ጎባ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አልተያዩም። ሚስቱን እንዳለችን አልተዋትም፤ ሰዎች እንደሚሉት ግን ቤቱ ውስጥ ሳቁን የሰማ የለም።

አዲሱ ዓመት እንደገባ ሀብተ ማርያም የሚባል የመሥሪያ ቤቷ የሒሳብ ሠራተኛ ለትዳር ጠየቃት። ሚስቱ የሞተችበት፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ወይንሀረግ ከመልሷ በፊት ሁሉንም ነገረችው። አዳራሹን፣ ምራቁን፣ ጎባን።

«አሁን ታገባኛለህ?» አለችው። «ይህን ካወቅክ በኋላ?»

ሀብተ ማርያም ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዟዙረው ጀመር።

«ምን እያሰብክ ነው?»

«ሰንጋ ተራ ደጃፉ ላይ ቆመሽ የለኝም ስትይው... እኔ ብሆን ኖሮ ቁጭ በይና ምን አድርገውሽ ነው ብዬ እጠይቅሽ ነበር። እሱን ነው የማስበው።»

ወይንሀረግ በዚያ ሁሉ ዓመት አልቅሳ አታውቅም ነበር። የዚያን ቀን አለቀሰች፤ ሀብተ ማርያም መሐረቡን አውጥቶ እስክትጨርስ አጠገቧ ተቀመጠ።

በጥር ተጋቡ።