የደረጄ በርበሬ አሟሟት

ይህ ወሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ብዋሽ ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቅ። ያላመነ የስደት ሰፈራችን ብሪክስተን ወርዶ ይጠይቅ።

ደረጄ ሄሮይኑን ከወደብ የሚያስወጣው በበርበሬ ጆንያ ሸሽጎ ነበር። የጉምሩክ ውሻ አንዴ አሽትቶት ሦስት ቀን ሲያስነጥስ ሰንብቶ ጡረታ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው «ደረጄ በርበሬ» ተባለ። አንድ እሑድ እኩለ ቀን ሾፌሩ ተክለአብ በሩን ቢከፍት፣ ደረጄን ሶፋው ላይ ደርቆ፣ ክንዱ ላይ መርፌ ተሰክቶ አገኘው።

ፖሊስ መርፌውን ቼክ ሲያደርግ የዲና የጣት አሻራ ወጣ። ዲናን ሱስ ያስያዛት ደረጄ ነው፤ ሄሮይኑን ከተወች ገና አርባ ቀኗ። ሰኞ ቅረቢ ተባለች፤ የሚጠብቃት የግድያ ክስ ነው።

አጎቷ መኩሪያ የባስ ሾፌር ነው። አዲስ አበባ ወንጀል መርማሪ ነበር፤ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ «ሰው ላይ አልተኩስም» ብሎ ተሰደደ።

«ገድለሽዋል?» አላት።

«ደስ ባለኝ ጋሼ። ቀደሙኝ እንጂ።»

«መርፌውስ?»

«የድሮዬ ነው። የተውኩ ቀን ዕቃዬን ጠቅልዬ ለእትዬ ኤልፍነሽ ሰጠኋት፣ እንድትጥልልኝ።»

መኩሪያ ተክለአብን ያዘው። «ደረጄ ራሱ ይወስድ ነበር?»

«እሱ? ‹የሞኝ ቀለብ ነው› እያለ አይደል የሚሸጠው! ቅዳሜ የእትዬ ኤልፍነሽን ጠላ ሲጠጣ ትቼው ወጣሁ። እኔን እንዳይጠረጥሩኝ፤ መርፌ ሳይ እወድቃለሁ። ክትባት ስወጋ ሁለት ነርስ ነው የሚደግፈኝ።»

ኤልፍነሽ በየቤቱ ሽማግሌ የምትንከባከብ ኬረር ናት፤ የስኳር መርፌ የምትወጋቸው እሷ ነች። አንድ ልጇን ቤንጃሚንን የደረጄ ዱቄት ከቀጠፈው ሁለት ዓመት ሆነው። በቀብሩ ዕለት የነጠላዋን ጥለት እንደ ሐዘንተኛ ወደ አንገቷ አዙራ፣ «ልጄን የበላ ሳይቀበር ይህ ጥለት አይወርድም» ብላ ስትምል አገር ሰምቷል።

«መሞቱን መቼ ሰማሽ?» አላት መኩሪያ።

«እሑድ ከሰዓት፣ ተክለአብ ሲደውልልኝ። ጠዋት ክርስትና ላይ ነበርኩ።»

«አዘንሽ?»

«ለማን ብዬ?»

መኩሪያ የክርስትናውን ፎቶዎች ለምኖ አየ። በሳምንቱ ቅዳሜ ሦስቱንም ቤቱ ሰበሰባቸው።

«ደረጄ አይወስድም ነበር» አለ። «ስለዚህ ሌላ ሰው ወጋው። ሳይታገል የተወጋው ተኝቶ ነው፤ ያስተኛው ጠላው ነው። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ያገኘው አንድ ቀዳዳ ብቻ ስለሆነ፣ የወጋው እጅ የለመደ ነው። ተክለአብ መርፌ ሲያይ ይወድቃል። ዲና ትችላለች፤ ግን መርፌው እሷ ዘንድ አልነበረም።»

ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ይህ ሬሳው ከመገኘቱ ሦስት ሰዓት በፊት የተነሳ ነው። ኤልፍነሽ፣ ጥለትሽ ታች ነው። ማንም የደረጄን ሞት ሳያውቅ፣ አንቺ ሐዘንሽን ጨርሰሽ ነበር።»

ተክለአብ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ኤልፍነሽ ፎቶውን አንስታ አየችው።

«ሁለት ዓመት አንገቴን ሲያሳክከኝ ኖሮ» አለች፣ «አንድ ጠዋት መታገሥ አቃተኝ።»

«እትዬ፣ በኔ መርፌ?» አለች ዲና።

«አሻራ የሚባለውን መች አሰብኩ ልጄ፤ ጓንት ያጠለቅኩት በሥራ ልማድ ነው። ‹ሱሰኛ ነው፣ ሞተ› ብለው ይተዉታል አልኩ፤ ለቤንጃሚን እንዳሉት። ባዶ ጀሪካኔን ልውሰድ ብዬ ተመለስኩ፤ ራሱ ከፈተልኝ። የሽማግሌዬ የእንቅልፍ ክኒን ጠላው ውስጥ ነበር። ስወጋው ዓይኑን ገለጥ አደረገ። ‹ቤንጃሚን ልኮኝ ነው› አልኩት። ሰምቶኛል።»

አንዲት እንባ ጉንጯ ላይ ወረደች። ከዚያ ኮቷን ለበሰች። «ተነስ መኩሪያ፣ ውሰደኝ። ልጅቷ ሰኞን አትጠብቅ።»

በዚያው ቀን ዲና ነፃ ናት ተባለች።

አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ እንባዋን። ኤልፍነሽ አላለቀሰችም።