ሂክማ በር ታንኳኳለች

በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከትልቁ ዋንዛ ላይ፣ ያረጀ የመኪና ቸርኬ ተንጠልጥሏል። የትምህርት ቤቱ ደወል እሱ ነው።

በብረት ሲመቱት «ደንግ! ደንግ! ደንግ!» ይላል። ያኔ ልጆች ሁሉ «ሆ!» ብለው ለጨዋታ ይወጣሉ።

ሂክማ ይህን ደወል መደወል ትፈልጋለች። በጣም፣ በጣም፣ በጣም ትፈልጋለች።

ግን አስተማሪዋ ቲቸር ዘውዴ አንድ ደንብ አላቸው። «የጠቆምኩትን ፊደል ያወቀ ልጅ የእረፍት ደወል ይደውላል!»

ሮቤል ደውሏል። ሲፈን ደውላለች። ንፍጡ ሁልጊዜ የሚዝረከረከው ትንሹ ናሆም እንኳን ደውሏል።

የቀረችው ሂክማ ብቻ ናት።

ጠዋት ጠዋት ልጆቹ አብረው ፊደል ያዜማሉ። «መ! ሙ! ሚ! ማ! ሜ! ም! ሞ!»

እስቲ እናንተም በሉ! «መ! ሙ! ሚ! ማ! ሜ! ም! ሞ!»

ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው የሂክማ ድምፅ ነው። ጥበቃው ጋሼ ይመር በሩ ላይ ሆነው፣ «ሂክማ ዛሬም መጥታለች ማለት ነው» ይላሉ።

ዜማው ሲያልቅ ቲቸር ዘውዴ ቀጭን ዘንጋቸውን ያነሣሉ። ግድግዳው ላይ ካለው የፊደል ገበታ አንዷን ፊደል ብቻ ነካ ያደርጋሉ። «ሂክማ! ይቺ ማን ናት?»

ፊደሏ ብቻዋን ቆማለች። ሂክማ ታያታለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም።

«ቶሎ! ቶሎ!» ይላሉ ቲቸር ዘውዴ።

«ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!» ይላል ሮቤል። ከአግዳሚ ወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«እሺ፣ ሮቤል።»

«ሜ!»

«ጎበዝ! አጨብጭቡለት!» ጨብ! ጨብ! ጨብ!

ሂክማም ታጨበጭባለች። እጆቿ ግን ከበዷት።

ሜዳ ላይ ሮቤል፣ «አንቺ እኮ መዝፈን ብቻ ነው የምትችይው» አላት።

«አይደለም!»

«ታዲያ ሲጠይቁሽ ለምን ዝም ትያለሽ?»

ሂክማ ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ሂክማ ከአልጋዋ አልወርድ አለች። «እማ፣ ሆዴን አሞኛል።»

«የቱ ጋ ነው?» አለቻት እናቷ።

ሂክማ ሆዷን አሳየቻት። ከዚያ ትከሻዋን። ከዚያ ደግሞ ጉልበቷን።

«አይ፣ ይሄማ የሚራመድ ሕመም ነው!» አለች እናቷ እየሳቀች። «የሚራመድ ከሆነ ትምህርት ቤትም ይራመዳል። ነይ፣ ጫማሽን አድርጊ።»

ክፍል ውስጥ ዜማው አለቀ። ዘንጉ ተነሣ። «ሂክማ! ይቺ ማን ናት?»

ልክ በዚህ ጊዜ ዝናብ መጣ። ቆርቆሮው ላይ «ጠ! ጠ! ጠ-ጠ-ጠ-ጠ! ሿ-ሿ-ሿ!»

ቲቸር ዘውዴ «ቶሎ! ቶሎ!» አሉ። አልተሰማም።

ሮቤል «ቲቸር እኔ!» አለ። እሱም አልተሰማም።

ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ አስተማሪ ምን ያደርጋል? ዝም ብሎ ይጠብቃል። ቲቸር ዘውዴም ዘንጋቸውን ፊደሏ ላይ እንዳደረጉ ቆመው ጠበቁ።

ማንም አልቸኮለም። ማንም አልጮኸም፤ የጮኸው ዝናቡ ብቻ ነው።

ሂክማ ፊደሎቹን አየቻቸው። በተርታ የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች ይመስላሉ። እሷም በጣቷ ዴስኩን እያንኳኳች ከመጀመሪያው ቤት ተነሣች።

ኳ ኳ! «መ።» ኳ ኳ! «ሙ።» ኳ ኳ! «ሚ።» ኳ ኳ! «ማ።» ኳ ኳ! «ሜ።» ኳ ኳ! «ም።»

ዝናቡ በድንገት ቀጥ አለ። ክፍሉ ጸጥ ሲል አንዲት ድምፅ ብቻ ተሰማች።

ኳ ኳ! «ሞ!»

ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩ። ቲቸር ዘውዴ «ሞ» ላይ የነበረውን ዘንጋቸውን ዝቅ አደረጉ።

መጥተው ከሂክማ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። አሁን ዓይናቸውና ዓይኗ እኩል ሆነ። «ሂክሚዬ፣ እንዴት አገኘሻት?»

«በር አንኳኳሁ» አለች ሂክማ፣ ቀስ ብላ። «ከመጀመሪያው ቤት እነሣለሁ። ሁሉንም ሳንኳኳ፣ የጠቆሟት እቤቷ ትገኛለች።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሳልደርስ ቶሎ ይሉኛል።»

ቲቸር ዘውዴ ብድግ አሉ። ከዚያ፣ «እስቲ አንድ ሌላ በር እንሞክር» አሉና «ሌ» ላይ ጠቆሙ።

«ቲቸር እ…» አለ ሮቤል።

«ሮቤል፣ አሁን የሂክማ ተራ ነው። እንጠብቃለን።»

ሮቤል አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ጉንጮቹ እንደ ፊኛ ተነፉ።

ከጣሪያው ጫፍ ውኃ «ጠብ… ጠብ…» ይላል። ሁሉም ጠበቁ።

ኳ ኳ! «ለ።» ኳ ኳ! «ሉ።» ኳ ኳ! «ሊ።» ኳ ኳ! «ላ።» ኳ ኳ!

«ሌ!»

«እሰይ! የምታውቂውን እኔ ነኝ ያልሰማሁት» አሉ ቲቸር ዘውዴ። «ቸኩዬብሽ ነው። ይቅርታ፣ ሂክሚዬ።»

ሮቤል እጁን ከአፉ አነሣ። «ቲቸርም ይቅርታ ይላሉ እንዴ?»

«ካጠፉማ ይላሉ!» አሉ ቲቸር ዘውዴ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። «አሁን ደግሞ ሁላችሁም ንገሩኝ። እናንተስ ፊደሉን እንዴት ነው የምታገኙት?»

«እኔ የስሜን ፊደል ፈልጌ ጎረቤቶቹን እጠይቃለሁ» አለ ናሆም።

«እኔ በጣቴ አየር ላይ እጽፈዋለሁ» አለች ሲፈን።

ሮቤል ራሱን አከከ። «እኔ… እንጃ! ዝም ብሎ ይመጣል!»

«ዝም ብሎ የሚመጣም አለ፤ በር አንኳኩቶ የሚመጣም አለ» አሉ ቲቸር ዘውዴ። «ሂክማ፣ የእረፍት ሰዓት ደርሷል። ተነሺ!»

ጋሼ ይመር ብረቱን ሰጧት። ብረቱ ከባድ ነው፤ ሂክማ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ደንግ!» ሂክማ ሳቀች። «ደንግ! ደንግ! ደንግ! ደንግ! ደንግ!»

«ኧረ ልጄ፣ ሰማን!» አሉ ጋሼ ይመር፣ ጆሯቸውን ይዘው። «ደሴ ድረስ ተሰምቷል!»

ልጆቹ «ሆ!» ብለው ወጡና በዝናቡ ውኃ ውስጥ ተንቦጫረቁ።

ማታ ሂክማ አልጋዋ ላይ ሆና የእናቷን መዳፍ ያዘች። «እማ፣ ላሳይሽ። ግን ቶሎ እንዳትይኝ።»

«አልልም» አለች እናቷ።

ኳ ኳ! «መ።» ኳ ኳ! «ሙ።» ኳ… ኳ… «ሚ…»

እናቷ የሚቀጥለውን በር ጠበቀች። ቶሎ አላለቻትም።

ሂክማ ግን መንገድ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ትንሿ ጣቷ የእናቷ መዳፍ ላይ አርፋለች።