ቲኬት ቆራጯ

«አባትሽ በመምጣቱ ደስ ብሎኛል» አለቻት የድራማ መምህሯ ሚስ ዶኖቫን፣ የሰልዋን የካፖርት ኮሌታ እያስተካከለች። «መድረክ ላይ መውጣትሽን እንደማይወድ አውቃለሁ። ጓደኛሽ ኢየሩስ ሁሉንም ነግራኛለች።»

ሰልዋ አልገባትም። «ምን ብላ?»

«ዋናውን ገጸ ባሕሪ እንዳትጫወቺ መከልከሉን ነዋ። አይዞሽ፣ እረዳሻለሁ» ብላ ሚስ ዶኖቫን ወደ መብራቶቹ ሮጠች።

ሰልዋ በመጋረጃው ስንጥቅ ወደ አዳራሹ አጮለቀች። አባቷ ኢድሪስ ታክሲው ጥሩ የሚሠራበትን ቅዳሜን ትቶ፣ ክራቫት አስሮ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። እንኳን ሊከለክላት፣ ለዋናው ገጸ ባሕሪ ምርጫ ስትፈተን ረጅሙን ንግግር ያስጠናት እሱ ነው። ቀይ መብራት በያዛቸው ቁጥር ወረቀቱን መሪው ላይ ዘርግቶ፣ በዚያ በወሎ ቅላጼው እንግሊዝኛውን እያነበበ ሲያስቃት ነበር የከረመው። ሚስ ዶኖቫን ሰሞኑን ለምን በሐዘኔታ እንደምታያት፣ ዋናው ቦታም ለምን እንዳለፋት አሁን ገባት።

ድራማው ከአንድ የጥቁርና ነጭ ዘመን የቴሌቪዥን ፕሮግራም የተወሰደ ነው፤ በየሳምንቱ አዲስ ታሪክ በአዲስ ገጸ ባሕርያት ከሚያቀርቡት። አንዲት መርከብ ጭጋግ ውስጥ ትቆማለች። የነፍስ አድን ጀልባዋ ቁልፍ ይጠፋል። ተሳፋሪዎቹም ብቻዋን በተቀመጠች ሴት ላይ ይነሱባታል። ሚስ ዶኖቫን ክፍል ውስጥ ስታሳያቸው ሁሉም ዓይኑን የተከሰሰችው ሴት ላይ ተከለ። ሰልዋን የያዛት ግን ዳር የተቀመጠው ሽማግሌ ቲኬት ቆራጭ ነበር።

«እሱን ሰውዬ በየድራማው ታገኙታላችሁ» ብላ ነበር መምህሯ። «አንዴ ፖስተኛ፣ አንዴ ፀጉር ቆራጭ፣ አንዴ ዘበኛ። ፊቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ስሙን ማንም አያውቅም። እሱ ባይኖር ግን ሴትዮዋን አታምኗትም ነበር።»

ዋናው ቦታ ለኢየሩስ ሲሰጥ፣ ሰልዋ በዚህ ተጽናንታ ቲኬት ቆራጭነቱን ተቀበለች። ኢየሩስም አቅፋ «ሶሪ ሰሉ» ብላት ነበር።

ይኸው አሁን ኢየሩስ የሴትዮዋን ቀሚስ ለብሳ መጣች። «ሰሉ፣ እጄን ንኪው። በረዶ ሆኗል።»

ሰልዋ አልነካችውም። «አባቴ ከልክሏታል አልሽ?»

የኢየሩስ ፊት ተለዋወጠ። «አሁን አይደለም፣ ፕሊስ።»

«ብለሻል አላልሽም?»

«አይ ሚን… ማለቴ፣ ሂጃብ አድርገሽ፣ ሰው ፊት እየጮኽሽ ስታለቅሺ… መቼም አይፈቅድም ብዬ ገመትኩ።»

«ጠየቅሽው?»

መጋረጃው ተከፈተ።

ድራማው እስከ መጨረሻው ትዕይንት ድረስ ሸጋ ሄደ። ተሳፋሪዎቹ ሴትዮዋን ከበቧት። ኢየሩስ ረጅሙን ንግግር ልትጀምር አፏን ከፈተች፤ ቃል ግን አልወጣም። እንደገና ከፈተች። ምንም። ከኋላ አንድ ሰው አሳለ፣ ሌላው ሳቀ። ሚስ ዶኖቫን ከመጋረጃው ጥግ ታንሾካሹካለች፤ አይሰማም። የኢየሩስ ዓይን ሰልዋን ፈልጎ አገኛት።

ሰልዋ አግዳሚዋ ላይ ቁጭ እንዳለች ናት። ቲኬት ቆራጯ እዚህ ጋ የምትናገረው የለም። ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም። «ትየው» አለች በልቧ። «ትቅመሰው።»

ከኢየሩስ ዓይን ስትሸሽ አባቷን አየችው። ወደ ፊት አጎንብሷል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ያን ንግግር በቃሉ ያውቀዋል! ከልምምድ በኋላ ሁሌ ቤቷ የሚያደርሳት ልጅ መድረክ ላይ ስትሰምጥ አይቶ፣ በሚችለው ሁሉ ቃሉን ሊያቀብላት ይታገላል።

ሰልዋ ተነሣች። ቀስ ብላ፣ እንደዚያ ሽማግሌ ጉልበቷን ይዛ።

«ሴትዮ» አለች፣ «እኔ ስትሳፈሪ ሁሌ አይሻለሁ። ሁሌ ብቻሽን ነሽ። ማንን ነው የምትፈልጊው?»

ኢየሩስ ትንፋሿን ሳበች። «ልጄን» አለች። ከዚያ በኋላ ንግግሩ በራሱ መጣላት። ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ኮሪደሩ ላይ ኢየሩስ ኩሏ ፊቷ ላይ ወርዶ ተጠመጠመችባት። «አዳንሽኝ! ሲሪየስሊ፣ አለቀልኝ ብዬ ነበር።»

ሰልዋ እጆቿን አላነሣችም። «ለሚስ ዶኖቫን ንገሪያት።»

«እሺ። ሰኞ። ፕሮሚስ። ዛሬ እማዬ አለች፣ ሰው ሁሉ አለ…»

በዚህ መሀል ሚስ ዶኖቫን ከኢድሪስ ጋር ተገናኘች። ፈገግታዋ ከአንገት በላይ ነው። ጆሮው የማይሰማ ይመስል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች «ስለፈቀዱላት አመሰግናለሁ» አለችው። ኢድሪስ ለምን እንደተመሰገነ አላወቀም። ቢሆንም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣ።

ከዚያ ልጆቹን አያቸው። «ኢየሩስዬ፣ የኔ ጎበዝ! አስለቀስሽኝ እኮ። በሉ ኑ፣ የፓርኪንጉ ሰዎች ሳይቀጡን እንሂድ። እናትሽንም ጥሪያት፣ አብረን እንውጣ።»

ኢየሩስ መሬት መሬቱን አየች።

«አባ፣ አንዴ ቆይ» አለች ሰልዋ። «አልጨረስንም።» ወደ መምህሯ ዞረች። «ሚስ ዶኖቫን፣ ኢየሩስ የምትነግርዎት ነገር አለ።»

ኢየሩስ ክንዷን ያዘቻት። «ሰኞ አልኩሽ እኮ» አለች በሹክሹክታ።

«ሰኞ» አለቻት ሰልዋ፣ «አባቴ እዚህ አይኖርም።»